የእትዬ ፋጡማ ቦታ

ከኮረብታው እንድንወርድ ትእዛዝ የደረሰን ረፋድ ላይ ነው። እኛ የመሐንዲስ ጓድ ነበርን፤ ሥራችን ፈንጂ ማንሳት። እግረኛው ጦር ከተማዋን ከያዘ ገና ሳምንት አልሞላውም። መቶ አለቃችን ካርታውን ድንጋይ ላይ ዘረጋና ገበያውን በጣቱ ጠቆመን። ጠላት ሲለቅ በየመተላለፊያው ፈንጂ ቀብሮ ሄዷል። የተሰደደው ሕዝብ ደግሞ እየተመለሰ ነው፤ ከእኛ ቀድሞ ገበያው ውስጥ ከገባ ያልቃል። «ቶሎ በሉ አልላችሁም፤ ቶሎ ያለ ይሞታል» አለን። «ግን አትቀመጡ።» ትእዛዙ ይኸው ነበር።

እዚህ እህል በረንዳ መኪና እስኪመጣ ጆንያ ላይ ተጋድማችሁ የምትጠብቁ ልጆች፣ ጦር ሜዳ እንደነበርኩ ከሰማችሁ ወዲህ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሼ ደምሴ፣ ስንት ሰው ገደሉ?» ትሉኛላችሁ። አንድም። ሆዴ መሬት ላይ፣ እጄ ብረት ላይ ነበር፤ የማየው ከአፍንጫዬ ፊት ያለችውን አንድ ስንዝር አፈር ነው። ይህን ስላችሁ ፊታችሁ ቅጭም ሲል አየዋለሁ። ምን ላድርጋችሁ፤ እናንተን ደስ እንዲላችሁ ሰው ልግደል? ስሙ እንግዲህ፣ የነበረውን ልንገራችሁ።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ምሥራቅ ናት፤ ይበቃችኋል። ስሟን እንዳልጠራ የለመኑኝ እትዬ ፋጡማ የሚባሉ የገበያዋ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ አገርህ ገብተህ ስታወራ ከተማዬን ከፈንጂ ጋር አብረህ አታንሳት፤ ነጋዴ አንዴ ከፈራ አይመለስም» ብለውኛል። እኔም ነጋዴ ቤት ያደግሁ ነኝና ነገሩ ገባኝ፤ ቃሌን ሰጠኋቸው።

አብሮኝ የነበረው ነስሩ ነው። አባቱ ሐጂ ሸረፋ አንዋር መስጊድ ሰፈር ቅመም ይሸጣሉ። እኔ እህል በረንዳ፣ እሱ አንዋር፤ ከዚህ እዚያ ምን አላት? ግን የተዋወቅነው ማሠልጠኛ ነው። የጓዜን አፍ ስቋጥር አየኝና «የእህል በረንዳ ልጅ ነህ» አለኝ። በምን አወቅህ ብለው፣ እንዲህ አድርጎ የሚያስር ሌላ ሰው የለም፣ የናንተን ቋጠሮ ስፈታ ነው ጥፍሬ ያለቀው ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አልተለያየንም። እሱ ይሰግዳል፣ እኔ አማትባለሁ፤ የአንዳችን ጾም ሲገባ ሌላው የሁለት ሰው ድርሻ ይበላል። ቀልደኛ ነበር ነስሩ። ሥራ ሲይዝ ግን ጭጭ ይላል።

ቁልቁል ስንወርድ ከተማዋ ፊት ለፊታችን ነበረች። ግድግዳዎቿ ውሃ ሰማያዊና ሮዝ ኖራ የተቀቡ ናቸው፤ ጥይት ያልበሳው ግን አንድ አላየሁም። ጣሪያ ያለው ቤት ከሌለው ያንሳል። አንዱ ፎቅ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ወድቋል፤ በቀረው ግማሽ ላይ አልጋው እንደተነጠፈ፣ መጋረጃው እንደተሰቀለ ከመንገድ ይታያል። የመስጊዱ ሚናራ አናቱ በመድፍ ተቆርጧል። ሙአዚኑ ታች ደረጃው ላይ ቆሞ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አዛን ይላል፤ ድምፁ ሩቅ አይሄድም፤ ቢሆንም አላቋረጠም።

የተመለሱት ሰዎች ጥቂት ነበሩ። የዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጠው እያሰፉ የመድፉን ቀዳዳ ይደፍናሉ። አንዱ ቤት ላይ ቢጫ፣ አንዱ ቤት ላይ ቀይ ቆርቆሮ፤ የዘይቱ ሥዕል እንዳለ። መንገድ ስትጠይቃቸው «ከዓሊ ሻይ ቤት ወደ ግራ ታጠፍ» ይሉሃል። ዓሊ ሻይ ቤት የለም፤ የተከመረ ድንጋይ ነው። ለእነሱ ግን አሁንም ዓሊ ሻይ ቤት ነው። ነስሩ ይህን ሲሰማ ቆመ። «ደምሴ፣ ሰማህ? መርካቶ ናት እኮ» አለኝ።

ፍቅር ያዘው። ሌላ ስም የለውም፤ ልጁን የከተማ ፍቅር ያዘው። ማታ ማታ ፈረቃ ስንለቅ፣ በጸዳው መንገድ እየዞረ ከሰው ጋር ያወራል። የግመል ወተት የገባበት ሻይ በጣሳ ይሰጡታል፤ ከእሱ ጋር ለእኔም ይደርሰኛል። ከገበያው ጥግ ጣሪያ የሌላት አንዲት ሱቅ መርጦ በእርምጃ ለካት። ጦርነቱ ሲያልቅ ተከራይቶ የአባቱን ቅመም ሊያመጣባት ነው። ፍርስራሽ ልትከራይ ነው ወይ ብዬ አሾፍኩበት። ምንም አልመሰለውም። «መርካቶ ያለ እኔም ትሞላለች» አለ። «ይቺ ግን ሰው ያስፈልጋታል።»

እኔ ከተማ አላየሁም። መሬት ነው ያየሁት። የት ልርገጥ፣ የት ልተው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ጠልቻትም ወድጃትም አላውቅ። ከዚያች አገር በእግሬ ቆሜ መውጣት ብቻ ነበር የምፈልገው። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፤ እኔ የእናቴ ነበርኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። በሆድ ትተኛለህ። ቀጭን ብረቱን አግድም ዘንበል አድርገህ አፈሩ ውስጥ ትሰዳለህ፤ ቀጥ አድርገህ ከወጋህ አናቱን ትመታዋለህ። ብረቱ ከነካ ትቆማለህ። በጣትህ አፈሩን ትጠርጋለህ። እዚህ ጆንያ ወግታችሁ እህሉን ከመሐል እንደምታወጡት ነው፤ ጠጠርና ስንዴ እጅ ላይ ይለያሉ። ልዩነቱ እዚህ ስትሳሳት ደላላ ይስቅብሃል። እኔ ስወጋ ነስሩ ከኋላዬ ሆኖ ያያል፤ እሱ ሲወጋ እኔ አያለሁ። ላብ ዐይን ውስጥ ሲገባ ሥራ ይቆማል። እጅ ከተንቀጠቀጠ ሥራ ይቆማል።

ከገበያው ማዶ ካለው ተራራ ላይ ጠላት ሞርታር ነበረው። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ዐይናችን ውስጥ ስትገባ ይተኩሳል። የሞርታሯን ፉጨት ስትሰማ ባለህበት ትወድቃለህ። መጀመሪያ ሰሞን አስበን ነው የምንወድቀው፤ በኋላ ሰውነታችን ብቻውን ይወድቅ ጀመር። አስር አለቃ በቀለ በሁለተኛው ቀን ድልድዩ ሥር ሞተ። ቶሎሳ በማግስቱ። ቀበርናቸውና ወደ ሥራ ተመለስን።

አንዳንዱ ፈንጂ ድርብ ነው። የላዩን ስታነሳ የታችኛው ይፈነዳል። እንዲህ ያለውን መንካት የለም፤ ባለበት ነው የሚያፈነዱት። ማፈንጃው ደግሞ ከኋላ ደጀን አልደረሰልንም። ስለዚህ ምልክት አድርገን እናልፈዋለን። ቀይ ቀለም ነበረን፤ አለቀ። ገመድ ዘረጋን፤ በማግስቱ ገመዱን አህያ ታስሮበት አገኘነው። «አትግቡ» ብለን ጣውላ ላይ ጻፍን፤ ማን ያንብበው። አንድ ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ፣ እኛ እያየን እየጮህን፣ በለመዱት መንገድ ገብተው ከነአህያቸው ሞቱ። ነስሩ ያን ቀን ምግብ አልቀመሰም።

ዘዴውን ያመጣው እሱ ነው። ለገበያ ሰው ፈንጂ አለ ብትለው፣ እኔ እዚህ ስረግጥ ነው ያደግሁት ይልሃል፤ ቦታው የሰው ነው ካልከው ግን አይረግጠውም አለ። እናንተ ታውቁታላችሁ። መርካቶ ውስጥ አንዲት ድንጋይ አስቀምጠህ፣ የተቀደደ ሰሌን ጣል አድርገህ ሄደህ ብትውል፣ ቦታህን የሚነካብህ የለም። ሌባ ኪስህን ይገባል እንጂ ቦታህ ላይ አይቀመጥም። ያኔም እንደዚያው አደረግን። ድርብ ፈንጂ ባለበት ዙሪያውን ድንጋይ፣ መሐሉን ስስ ሰሌን። መቶ አለቃው መጀመሪያ ሳቀብን። በኋላ ቆሞ ሲያይ፣ ቀዩን ቀለም ረግጠው ያለፉት ሰዎች ሰሌኑ ጋ ሲደርሱ ዞረው ሄዱ። ልብሳቸውን እንኳ ሰብሰብ ያደርጋሉ፣ የሰው ዕቃ እንዳይነካ። የገበያው ግማሽ በዚህ ዘዴ ተከፈተ። ሽንኩርት መጣ፣ ከሰል መጣ፣ ወተት መጣ። ነስሩ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎት ዋለ።

ልባችን ግን አንድ ነገር ስቷል። ቦታ ሁሉ ባለቤት እንዳለው ረሳነው።

እትዬ ፋጡማ ከስደት የተመለሱት በገበያ ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። ጀርባቸው ላይ ሄልና ቁንዶ በርበሬ የተቋጠረበት ጥቅል አዝለዋል። በረሃውን ሁሉ ተሸክመውት ሄደው ተሸክመውት ነው የመጡት። ከገበያው መግቢያ ጀምሮ ሰው እየተነሳ ይስማቸዋል፤ ሞተዋል ተብሎ ነበርና። ከዚያ ወደ ቦታቸው ሄዱ። ሙሽራ ሆነው ከመጡ ጀምሮ የሸጡበት ቦታ ነው። የማያውቁት ሰው ድንጋይና ሰሌን አገኙበት።

እኔና ነስሩ ከማዶ መስመር ላይ ነበርን። መጀመሪያ ድምፃቸውን ሰማን። «ማነው እኔን ሞታለች ያለ?» ይላሉ። ቀና ስንል ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ መንገድ ይወረውራሉ። ሰሌኑን ጠቅልለው ጣሉት። ጥቅላቸውን በግራቸው አስቀመጡና ተቀመጡ። እግራቸውን አጥፈው፣ እንደ ባለቤት።

ፈንጂው ከቀኝ ጉልበታቸው አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

ብንጮህ ደንግጠው ይነሳሉ። ዝም ብንል ሰው እየመጣ ነው፤ ሴቶቹ ቦታው የሷ ነው፣ የሷ ነው እያሉ ሊደግፏቸው ተሰብስበዋል። መቶ አለቃው እጁን አንስቶ ማንም እንዳይሮጥ ምልክት ሰጠ። ነስሩ መሣሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠና በጸዳችው ጠባብ መንገድ ብቻ፣ ዕቃ ሊገዛ እንደሚመጣ ሰው፣ ቀስ ብሎ ሄደ። እኔ ብረቴን ይዤ ከኋላው።

ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀረው ቁጢጥ አለና ሰላምታ ሰጠ። በሰላምታው ፈንታ ስድብ ተቀበለ፤ ወታደር ከተማ ይይዛል እንጂ የድሀ ቦታ ይይዛል ወይ አሉት። አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። ሲጨርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ድንጋዩን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ እናቴ። ቦታው የእርስዎ ነው፤ ማንም አልወሰደብዎትም። ከስሩ ያለው ግን የእርስዎ አይደለም። አይነሱ።»

ፊቱን አዩት። አልጮሁም። የበረሃ ስደት የቻሉ ሴት ናቸው፤ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል።

«በየት በኩል ነው?» አሉ።

«በቀኝዎ።»

«እኔ ስነሳ በቀኝ እጄ ነው የምደገፈው» አሉ፤ ድምፃቸው እንደዚያው ነው፣ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ ድርቅ አለ። ጉልበታቸው በሽተኛ ነበር፤ ሳይደገፉ መነሳት አይችሉም።

ሥራው ለእኔ ወደቀ። ከኋላቸው ገብቼ የሚደገፉበትን፣ የሚረግጡበትን፣ ዞረው የሚወጡበትን መሬት ማጽዳት ነበረብኝ። ተኛሁ። ነስሩ ፊት ለፊታቸው እንደተቀመጠ ቀረ፤ ካወሩ አይንቀሳቀሱም። መቶ አለቃው ለሴቶቹ በለሆሳስ ነገራቸው። አንዷም አልሮጠችም። እያንዳንዳቸው ወደየቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ፤ የጸዳው እሱ ነው፣ ያውቁታል። ገበያው ሁሉ ተቀምጦ እኛን ያያል። ሕፃን ሲያለቅስ ጡት ይጎርሳል። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ብረቴን ሰደድሁ። አፈር። ጎኑን ሰደድሁ። አፈር። ብረቱ አንድ ነገር ነካ። ቆምኩ። በጣቴ ጠረግሁ፤ የተሰበረ የሻይ ብርጭቆ ነው። ላቤን በትከሻዬ ጠርጌ ቀጠልኩ። ጆሮዬ እነሱ ጋ ነው። ነስሩ የሄሉን ፍሬ በሁለት ጣቱ አንስቶ ያሸታል። ይህ እርጥበት አግኝቶታል፣ አንዋር ጋ ቢያቀርቡት አባቴ ራሱ አይቀበልዎትም ይላቸዋል። እሳቸው ፈንጂውን ረስተው ተቆጡ። አባትህ ሄል አያውቅም አሉት። ተከራከሩ። እኔ ሆዴ መሬት ላይ ሆኜ ሞቴን ስጠብቅ፣ እነሱ ስለ ቅመም ይነታረካሉ፤ ወይ የገበያ ሰው! ሳቄ መጣ። ከሳቅሁ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ከንፈሬን ነክሼ ያዝሁት።

ጨረስኩ። ከወገባቸው ኋላ ሆኜ ትከሻዬን ሰጠኋቸው። «በግራዎ ይደገፉ፣ በእኔ ላይ» አልኳቸው። ክብደታቸው ሁሉ አንገቴ ላይ አረፈ። ተነሱ። አንድ እግር። ሁለተኛውን። እጄን ይዘው በከፈትኩት መንገድ ወጡ። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ቁጭ አሉ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ሰው ትንፋሹን ነው የለቀቀው።

እሳቸው ግን ዞር ብለው አዩ። ጥቅላቸው እዚያው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። አምጡልኝ አላሉም። ዐይናቸው ብቻ እዚያ ቀረ። ነስሩ ዐይናቸውን አየ።

«ዕቃቸውን ላምጣ» አለኝ።

ተወው አልኩት። ነገ ይነሳል፣ ማንም አይወስደውም አልኩት። እንዳበደ ሰው አየኝ።

«የሰው ዕቃ ሜዳ ላይ?»

ሌላ አገር ያደገ ወታደር ቢሆን ይተወው ነበር፤ ትክክልም ነው። መርካቶ እሳት ሲነሳ አይታችኋል። ሰው መጀመሪያ የጎረቤቱን ዕቃ ነው የሚያወጣው፤ እንጀራው ነውና። የነስሩ አባት በአርብ ሶላት ሱቃቸውን ክፍት ትተው ሲሄዱ የሚጠብቅላቸው የኛው ሰው ነው። በዚህ ነው ያደግነው። እኔም እሱን ብሆን እሄድ ነበር።

በጸዳው መንገድ ገባ። አረማመዱ ትክክል ነበር። ጥቅሉን በሁለት እጁ አነሳው። ዞረ። ፈገግ ብሎ ነበር።

ከተራራው ፉጨቷ መጣ። ሰዓቷ አልነበረም። ነስሩ ጥቅሉን ወደ እኔ ወረወረው፤ ደረቴን መታኝ። ከዚያ ሰውነቱ እንደለመደው ወደቀ። ሞርታሩ መስጊዱ ግድግዳ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ድምፅ የሞርታር አልነበረም።

እኔን የፈንጂው ፍንጣሪ ጭኔ ላይ አገኘኝ። ስወድቅ ጥቅሉን አቅፌ ነበር፤ አፌ ውስጥ አፈርና ሄል ነበረ። ነስሩን ያነሱት መቶ አለቃውና ገብሬ የሚባለው ጓደኛችን ናቸው። ያን ቀን በከተማዋ የሸጠ ሰው የለም። ወንዶቹ አጠቡት፣ ገነዙት፣ ሰገዱበት፤ ከመግሪብ ሶላት በፊት በራሳቸው መቃብር ቀበሩት። ሬሳውን ለወታደር አንሰጥም አሉ፤ የእኛ ልጅ ነው አሉ። እኔ በቃሬዛ ላይ ሆኜ ሩቅ አየሁ።

ከመሐንዲስ ጓዳችን የሞቱት አራት ናቸው። አስር አለቃ በቀለ፣ ድልድዩ ሥር። ቶሎሳ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ። ነስሩ ሸረፋ፣ ገበያው ውስጥ። ገብሬ ደግሞ እኔ ሆስፒታል እያለሁ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል። ከከተማዋ ሰው እኛ የምናውቃቸው እኒያ ሽማግሌና እኛ ሳንገባ ፈንጂ የረገጠች አንዲት እናት ናቸው። ማፈንጃው በኋላ ደረሰ፤ የቀረው ሁሉ በቦታው ፈነዳ። ገበያው ተከፈተ። እትዬ ፋጡማም እዚያችው ቦታቸው ላይ ተመልሰው መሸጥ ጀመሩ። ሆስፒታል ሊጠይቁኝ ሲመጡ ነው የነገሩኝ። ገበያ ነው፤ ቦታ ባዶ አያድርም።

እኔ ግን ከተማዋን ጠላኋት። በደንብ ጠላኋት። አንድ ጥቅል ቅመም በጓደኛዬ የለወጠች ከተማ ነበረች ለእኔ። የመኪናው ጋቢና ውስጥ አስገብተው ከከተማዋ ሲያወጡኝ፣ ኮረብታው ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ለመጨረሻ ጊዜ እያት ብሎ ቆመልኝ። ፊቴን አዞርኩ። ንዳው አልኩት።

አዲስ አበባ ገብቼ ከርሜ ነው ሐጂ ሸረፋ ሱቅ የሄድኩት። እግሬ አልሄድ ብሎኝ አይደለም፤ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነው። አርብ ነበር፤ ሰጋጁ መንገዱን ሞልቶት እስኪበተን በምርኩዜ ቆሜ ጠበቅሁ። መርዶው ቀድሞ ደርሷቸዋል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ተነስተው አቀፉኝ፤ ከዚያ ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ። ሳይጠይቁኝ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ድንጋዩን፣ ሰሌኑን፣ ክርክሩን፣ ጥቅሉን። አባትህ ሄል አያውቅም የተባለው ጋ ስደርስ ፈገግ እንደማለት አሉ። ስጨርስ ሚዛኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«ዕቃው ለሴትየዋ ደረሰ?» አሉ።

«ደርሷል፣ ሐጂ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

እጃቸው ሚዛኑ ላይ ነበር። ቀና ሳይሉ ሌላ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ከተማዋ እንዴት ያለች ናት?»

ፍርስራሽ ናት ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የተረገመች ናት ልላቸው ነበር፤ በመንገዴ ሁሉ ያዘጋጀሁት እሱን ነው። ግን ፊታቸውን አየሁ። እኒህ ሰው የሚጠይቁኝ ስለ ከተማ አይደለም፤ ልጃቸው የተኛበት ቤት እንዴት ያለ ነው እያሉኝ ነው። ኖራው ሰማያዊ ነው አልኩ። ሮዝም አለ። ጥይት በስቶታል፤ ግን በዘይት ቆርቆሮ ይደፍኑታል፣ ቢጫና ቀይ፤ ከሩቅ ሲያዩት ጥልፍ ይመስላል። የፈረሰ ሻይ ቤት በስሙ ይጠራሉ። ሚናራው ተቆርጧል፤ ሙአዚኑ ከደረጃው ላይ ሆኖ አዛን ይላል፣ መቃብሩ ቅርብ ነው፣ ይሰማል። ሰዉ ለማያውቀው ሰው በጣሳ ሻይ ይሰጣል። ነስሩን የኛ ልጅ ነው ብለው ለወታደር እንኳ አልሰጡም። ጥግ ላይ አንዲት ሱቅ መርጦ ነበር፤ ጣሪያ የላትም እንጂ ቦታዋ ደህና ነው፣ ገበያተኛ በፊቷ ነው የሚያልፈው።

እያወራሁ ድምፄን ሰማሁት። የምሸጠው ነገር ያለኝ ይመስል አሞግሳታለሁ። አልዋሸሁም፤ ሁሉንም አይቼዋለሁ፤ ከአፈሩ ላይ ዐይኔን አንስቼ አላውቅም ብዬ የማስበው ሰውዬ ሁሉንም አይቼዋለሁ። እዚያ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ያቺን የቆሰለች ከተማ ምን ያህል እንደምወዳት ያኔ ገባኝ። አለቀስኩ። አላፈርኩም።

አንድ ደንበኛ መጥቶ ቁንዶ በርበሬ ጠየቀ። ሐጂ በእጃቸው ነገ ና አሉት። በሩን ገርበብ አደረጉና ተመልሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«በል እስቲ ልጄ፣ ከገበያው ጀምረህ ድገምልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው።